ከአስር እስከ አንድ

ሬዲዮኑ ሦስተኛውን ዘፈን ሲጠራ ካውያው የሸሚዙ ኮሌታ ላይ እንደቆመ ቀረ።

"እሱ የሰው ሸሚዝ ነው" አለ ባለ ላውንደሪው፣ ከሚያጥፈው ሱሪ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

ካውያውን ብድግ አደረገች። ኮሌታው አልተቃጠለም፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ወየብ ብሏል። በእርጥብ ጨርቅ አሸት አሸት አደረገችውና ዓይኗን እንደገና ወደ ደብተሩ መለሰች። የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ሽፋኑ በፕላስተር ተያይዟል። በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእጅ ጽሑፍ "ሦስተኛ" ከሚለው ፊት ለፊት የሰፈረው ሌላ ዘፈን ነው።

"አሁንም አልገጠመም?"

"አልገጠመም።"

"እስካሁን ስንቱ ገጠመ?"

"አንድም።"

"አንድም? በጭፍን የገመተ ሰው እንኳ አንድ አያጣም" አለና ሱሪውን መስቀያ ላይ ሰቀለው።

"ከአስር እስከ አንድ" ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት በየቅዳሜው ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ይተላለፍ የነበረ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው። የሳምንቱን አስር ተወዳጅ ዘፈኖች ከአስረኛው ጀምሮ ወደ አንደኛው ይቆጥራል። ዘንድሮ ጣቢያው ምድር ቤት ካለው መጋዘን ሁለት ካርቶን ሙሉ ቴፕ ተገኘና በዚያው ቀንና ሰዓት እንደገና ማሰማት ጀመሩ። አድማጮቹ በስልካቸው የመልእክት ቡድን አቋቋሙ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ሁለት ሺህ ሰው ገባበት። ዘፈን በተጀመረ ቁጥር ቡድኑ ይንጫጫል፤ ያኔ ማን ከማን ጋር እንደጨፈረ፣ ማን ማንን እንደጠበቀና ማን እንደቀረ ይጻፋል።

እሷ ሰው ፊት ማውራት የማይሆንላት ሴት ናት። የሠርግ ምርቃት እንኳ ከሰው ጀርባ ሆና "አሜን" ብላ ነው የምትጨርሰው። ቡድኑ ውስጥ ግን ፊት የለም። አንድ ቅዳሜ የደብተሯን ገጽ ፎቶ አንስታ ለጠፈች። ዘፈኖቹ ሲሰሙ ከአስረኛው እስከ አንደኛው አንድም አልተዛነፈም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ "መዝገብ ቤት" ሆነ። ቴፖቹ ላይ የነበረው ወረቀት በእርጥበት ስለተላቀቀ የትኛው የየትኛው ሳምንት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ የፕሮግራሙ አዘጋጅ በየሳምንቱ እየደወለ እሷን ይጠይቅ ጀመር። ስምንት ሳምንት አለፈ፤ ስምንቱም ገጠመ። ከዘጠነኛው ጀምሮ ነገሩ ተበላሸ።

መጀመሪያ ቴፖቹ ተዘበራርቀው ነው ብላ ነበር። ባለፈው ሳምንት የደብተሩ ጥግ ላይ "አስነጠሰ" የሚል ቃል አገኘች። አቅራቢው አምስተኛው ዘፈን ላይ አስነጥሶ "ይቅርታ አድማጮቼ" ማለቱን ለቡድኑ ጻፈች። ሰባት ሰው ወዲያው ትዝ አለው። አንዱማ "እናቴ ከማድቤት ሆና ይማርህ ብላው ነበር" ሲል ጻፈ። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ግን ማንም አላስነጠሰም። ቡድኑ በጣቢያው ላይ ተነሳ፤ ማስነጠሱን ለምን ቆረጣችሁት ብለው አዘጋጁን ቁም ስቅሉን አሳዩት።

ዛሬ ደግሞ ይሄ።

"ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል" አለ አቅራቢው ከሬዲዮኑ ውስጥ፣ ሁለተኛውን ዘፈን ከመጥራቱ በፊት። "ተማሪዎች፣ ደብተራችሁን ሸፍናችኋል?"

ደብተሯ ላይ ጎንበስ አለች። በዚያው ገጽ ታችኛው ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ "ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። እኔ አልሄድም።"

"ሳምንቱስ ይኸው ራሱ ነው" አለች። "ቴፑ አልተሳሳተም።"

"ታዲያ ቀኑ ልክ ሆኖ ዘፈኑ እንዴት ይሳሳታል? ያኔ ትኩሳት ነበረብሽ እንዴ?"

"እግሬ ነው የተሰበረው።"

"በእግርሽ አልጻፍሽው መቼም" አለ ባለ ላውንደሪው።

አንደኛው ዘፈን ተጠራ። ደብተሩ ውስጥ አሥራ አንድ ሳምንት በተከታታይ አንደኛ የወጣው ያ ባለ አኮርዲዮኑ ዘፈን፣ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው፣ ዛሬ ከአስሩ ውስጥ እንኳ የለም። ያኔ አገግማ ትምህርት ቤት ስትመለስ የክፍል ጓደኞቿ በዚህ ዘፈን የተነሳ እንዳሾፉባት ታስታውሳለች። "እሱ ከወረደ ስንት ጊዜው" ሲሏት ደብተሯን አውጥታ ተሟግታ ነበር። አብራት የምትቀመጠው ልጅ "ውሸታም" ብላት ወንበር ቀየረች፤ ዓመቱ እስኪያልቅም አልታረቁም። ይህን ሁሉ ዓመት እነሱ እንደተሳሳቱ እርግጠኛ ነበረች። አሁን የራሷን ጽሑፍ ስታየው የሌላ ሰው መሰላት።

ስልኳ ጠራ። አዘጋጁ ነው።

"እናቴ፣ እንደምን ዋሉ? የሚቀጥለው ሳምንት ቴፕ ጨርሶ ተበላሽቷል። ሻጋታ በልቶታል፤ አንድ ዘፈን እንኳ አይወጣውም።"

"ውይ" አለች።

"ምንም አይደል፤ እርስዎ አሉ አይደል። ስቱዲዮ ይምጡና የዚያን ሳምንት ዝርዝር በራስዎ ድምፅ ያንብቡልን። ዘፈኖቹን እኛ እናስገባለን። ማስታወቂያው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነገራል፤ 'መዝገብ ቤት በአካል' ብለን።"

የተሰማት ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየችውም። "ግን ዛሬም እኮ አልገጠመም" አለች።

"እሱን ይተዉት። ሰዉ የሚያምነው እርስዎን ነው። እሺ ይበሉኝ ብቻ።"

"ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ልደውልልህ" አለች።

ባለ ላውንደሪው ሰምቷል። ከእጇ ላይ ካውያውን ተቀበላት። "ሂጂ" አለ። "ቀሪውን እኔ እተኩሳለሁ። አንቺ ዛሬ ከቆየሽ ከተማው በሙሉ ኮሌታ አልባ መሆኑ ነው።"

ወዴት እንደምትሄድ ያወቀችው ታክሲ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ ደብተሩን ወደኋላ ገለጠች። የመጨረሻው የገጠመ ገጽ ቀጥ ባለ ፊደል የተጻፈ ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ ተንጋዶ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጀርባ ተኝቶ የሚጽፍ ሰው ጽሑፍ ነው። ያን ጊዜ ቤታቸው ሬዲዮ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ አጥር ላይ ወጥታ በጎረቤት ሴትዮ መስኮት በኩል ትሰማ ነበር። አንድ ቀን የአጥሩ ካብ ተናደባትና ከዳሌዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጀሶ ታሰረች። አምስት ወር ተኛች። በእነዚያ አምስት ወራት እየሄደች የምትሰማላትና መጥታ የምትነግራት ታላቅ እህቷ ነበረች። እሷ የሰማችውን ጻፈች እንጂ አልሰማችም። ይህ እስከ ዛሬ ልዩነት አለው ብላ አስባ አታውቅም።

እህቷ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ መጋረጃ ትሰፋለች። በሩ ክፍት ነበር። የሆቴል መጋረጃ ከወለል እስከ ጣሪያ ተከምሮ እሷን ከነስፌት መኪናዋ ሊውጣት ደርሷል።

"ሚጣ? በዚህ ሰዓት? ሰው ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ፊትሽ ምን ሆኗል? ነይ፣ በዚያ በኩል እለፊ፤ ጨርቁን እንዳትረግጪው።"

የወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

"እትዬ፣ ያ የሬዲዮ ሰውዬ ያስነጠሰ ቀን ትዝ ይልሻል?"

የስፌት መኪናው ቆመ። እህቷ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገችና ደብተሩን አየችው። መጀመሪያ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ተወችና ከአፏ ላይ ክር አነሳች።

"ይሄ ነገር እስካሁን አለ እንዴ?"

"አለ። አስነጥሶ ነበር ወይ?"

"አንቺ ነሽ ያስነጠስሽው" አለች እህቷ። "ያን ቀን ጉንፋን ይዞሽ ስታስነጥሺ ነው የዋልሽው። እሱም አስነጠሰ ብልሽ ሳቅሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የሳቅሽው፣ ከወደቅሽ ወዲህ።"

"አልሰማሽም ማለት ነው?"

"በምን ልስማ? አንቺ ከወደቅሽ በኋላ ሴትዮዋ ደንግጣ መስኮቱን ጠረቀመችው። ሌላ ልጅ ሊሰበርብኝ ነው ብላ ሬዲዮኑን ጓዳ አስገባችው። አንኳኩቼ ነበር እኮ፤ 'ሂጂ ከዚህ' አለችኝ።"

"ታዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ የት ነበርሽ?"

"ከውሃ ታንከሩ ጀርባ። ቶሎ ከመጣሁ ትነቂያለሽ ብዬ። እዚያ ቁጭ ብዬ ከአስር እስከ አንድ እደረድራለሁ፣ እንዳልረሳው በጣቴ እቆጥራለሁ። የፋብሪካው ፊሽካ አሥር ሰዓት ላይ ሲነፋ እነሳና እመጣለሁ።" መጋረጃውን ከመርፌው ሥር ጎተተችው። "አሥሩን መሙላት ቀላል መስሎሻል? ያንቺን አንደኛ ማድረግ አይከብድም፤ አምስተኛና ስድስተኛው ነበር የሚያስጨንቀኝ።"

ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው መጣና መንገድ ላይ ቀረ። "በዚህ ደብተር የተነሳ ከሰው ተጣልቻለሁ" አለች በመጨረሻ። "ጓደኛዬን አጥቻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?"

"ያን ቀን ስታለቅሺ ሰምቼ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ደግሞ ደብተሩን አቅፈሽ ተኛሽ። በማግስቱ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ አባባ ሬዲዮ ገዛ፣ ነገሩም ተረሳ።" እህቷ አንገቷን ደፋች። "አሥራ ስድስት ዓመቴ እኮ ነበር፣ ሚጣ።"

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ይላል። ስልኳን አወጣች።

"እናቴ፣ እየጠበቅኩ ነው" አለ አዘጋጁ። "እሺ አሉኝ?"

"ደብተሩ ልክ አይደለም። ከዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ ያለው አልተላለፈም። ቡድኑም እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፤ እኔው እጽፍላቸዋለሁ።"

"እንዴት አልተላለፈም? እርስዎ አልጻፉትም?"

"ጽፌዋለሁ። ግን ሬዲዮ ላይ የተባለ አይደለም።"

ከኋላው ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል። "ታዲያ የሚቀጥለው ሳምንት አንደኛ ማን ነበር?"

"አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም ያለ አይመስለኝም።"

"እንግዲያው ያለዎትን ያንብቡት" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቴፑ የለ፣ ማን ያጣራል? እርስዎ ካነበቡት ሰዉ ራሱ ያስታውሰዋል።"

"እሱ እኮ ነው ያስፈራኝ" አለች። "ይቅርታ፣ ልጄ። አልመጣም።"

ስልኩን ዘግታ ለቡድኑ መጻፍ ጀመረች። ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ አጠፋች፤ በአራተኛው ሁለት መስመር ብቻ ላከች። መልሶች ወዲያው መምጣት ጀመሩ፤ ሳታያቸው ስልኩን በፊቱ ደፋችው። እህቷ ሁሉንም ሰምታለች።

"በኔ የተነሳ ክብርሽን አጣሽ" አለች። "ስጪኝ፣ እነዚያን ገጾች ልገንጥላቸው። መቀስ እዚህ አለ።"

"ቆይ።"

የሚቀጥለውን ሳምንት ገጽ ገለጠች፤ ስቱዲዮ ሄዳ ልታነበው የነበረውን። አስረኛ፣ ዘጠነኛ፣ ስምንተኛ እያለች በጣቷ ወረደች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

"እትዬ፣ አራተኛው ባዶ ነው።"

"የቱ?"

"የዚህ ሳምንት አራተኛ። ስትነግሪኝ እንቅልፍ ወስዶኝ መሆን አለበት፤ ከአምስተኛ ወደ ሦስተኛ ዘልዬዋለሁ። ማን ነበር?"

እህቷ መቀሱን ይዛ አየቻት። እየቀለደች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን መረመረች፤ ቀልድ አላገኘችበትም። ቀስ ብላ መቀሱን አስቀመጠች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አሰበች።

"አንደኛው ባለ አኮርዲዮኑ ነው አይደል?"

"እሱ ነው።"

"ሁለተኛ ማን ብዬሽ ነበር?"

ነገረቻት።

"እሺ። እንግዲህ አራተኛ…" አለች እህቷ፣ ጣቶቿን አንድ ባንድ እያጠፈች።

እሷ እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አወጣችና ክፍት ቦታው ላይ አስጠግታ ጠበቀች።