ወንድሜን ባሕር ያሻገርኩበት ቀን

የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ከዋሸሁ የሳማና ባሕረ ሰላጤ ከነጀልባዬ ይዋጠኝ። በዚህ ዳርቻ ከእኔ ከፌርሚን የሚበልጥ ቀዛፊ አልተወለደም፤ ዓሣ ነባሪ እንኳ ሲያየኝ መንገድ ይለቃል።

ወንድሜ ኤላዲዮ ሲተነፍስ ያፏጭ ጀመር። መንደሩ ሁሉ "አስም ነው" አለ። የአስምን መድኃኒት ደግሞ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም፤ የታመመውን ልጅ ዛፍ ታስደግፍና በቁመቱ ልክ ግንዱን በስተህ ከፀጉሩ ቆርጠህ ትወትፍበታለህ። ልጁ አድጎ ቀዳዳውን ሲያልፍ አስሙ እዚያው ግንዱ ውስጥ ይቀራል።

"ኧረ ወንድሜ፣ አርባ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው! ከእንግዲህ ወዴት ላድግ?" አለኝ ኤላዲዮ፣ በየቃሉ መሀል አየር እየለመነ።

"ዝም በል! ዝቅ አድርጌ ከበሳሁት ገና ሳንጀምር አለፍከው ማለት አይደል?"

እንዲህ ያለ ጭንቅላት በደሴቲቱ ሁለት የለም። የማንጎውን ግንድ በደረቱ ልክ በሳሁት።

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ኤላዲዮ ጋደም ማለት አቃተው፤ አንገቱን አስግጎ ተቀምጦ ያድራል፣ ከንፈሩ ጠቆረ። በየወሩ የምትመጣው ሐኪም ማዳመጫዋን ደረቱን ትታ ጉሮሮው ላይ አሳረፈች።

"ይሄ አስም አይደለም፤ ድምፁ ከዚህ ነው የሚመጣው" አለች። "የአየር ቧንቧው ውስጥ ዕጢ ሳይበቅል አልቀረም፣ ሊዘጋው ነው። ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል አሻግሩት! ነገን አያይም።"

ባለሞተሮቹ ጀልባዎች ሁሉ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ነበር፤ የቀረችው የእኔዋ ብቻ ናት። ኤላዲዮን ጭኜ ቀዘፍኩ! ማዕበሉ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያህላል። "እንዳትሞትብኝ አንተ! እኔ ስቀዝፍ አንተ ተንፍስ!" እላለሁ። አንድ ቀዘፋ፣ አንድ ትንፋሽ። አንድ ቀዘፋ፣ አንድ ትንፋሽ። መዳፌ ተልጦ አጥንቴ ታየ። ሐኪሞቹም የዶሮ እንቁላል፣ ምን እንቁላል፣ ኮኮናት የሚያክል ዕጢ አወጡለት። ወዲያው ዘፈነ።

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን ለኤላዲዮ ሚስት ለኔሬይዳ አነበብኩላት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቅ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ፌርሚን" አለችኝ በቀስታ፣ "ባሕሩ ያን ቀን እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። ጀልባህም ከአሸዋው አልተነሳችም። 'ዛፉ ሥራውን ይጨርስ' ብለህ መቅዘፊያዎቹን ደበቅክብን። ጭኔ ላይ አስደግፌው ዳርቻው ላይ ጠበቅንህ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እጄ ላይ አረፈ።"