በድስት የተላከከ ሕመም

ወይዘሮ ዳርቱ የገዛ ልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው ምራታቸው ፈትለወርቅ ብዙም አልደነገጠችም። ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ከእንጦጦ ሥር የነበረው እርሻቸው ለቤት መሥሪያ ተወስዶ፣ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከልጃቸው ከፈዬራ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ብዙ ነገር ተደበላልቆባቸዋል። ጨው ነው ብለው ወጥ ውስጥ ኦሞ ሲጨምሩ፣ በጠራራ ፀሐይ ተኝተው አልነሣ ሲሉ ግን ነገሩ እርጅና ብቻ አልመስል አላት።

«ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው» አለችው ባሏን።

ፈዬራ መንስኤውን አግኝቻለሁ ብሎ ነበር የገባው። አሳየች የምትባል ጎረቤታቸው ደረጃ ላይ ይዛው ነግራዋለች፦ ውስጡ የጠቆረ የአሉሚኒየም ድስት ዝገቱ ምግብ ውስጥ እየገባ አንጎል ይበላል። ወጥ ቤት ገብቶ የእናቱ አጥሚት የሚፈላበትን ድስት አነሣ። ውስጡ ከሰል መስሏል።

«እናቴን በዚህ ነው የምታበያት?»

«ውሃ ሲፈላበት ነው የጠቆረው። እኔስ ከዚሁ አይደል የምበላው?»

«አንቺ ገና ወጣት ነሽ።»

ድስቶቹን ጣቷ እስኪላጥ በሽቦ ፈተገቻቸው። አብረቀረቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ መልሰው ጠቆሩ። ፈዬራ ለቃቅሞ ጣላቸውና ከሾላ ገበያ የሸክላ ድስት ገዝቶ መጣ። «አሁን መርዙ ይወጣላታል፤ ትንሽ እንጠብቅ» አለ።

ጠበቁ። እናቱ ሊበሉ ሲሉ ቀድሞ የሚቀምሰው እሱ ሆነ። ፈትለወርቅ ይህን እያየች ትናደድ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ራሷንም መጠርጠር ያዘች። ወይዘሮ ዳርቱ አማርኛውን ጨርሰው ተዉት፤ በኦሮምኛ ብቻ፣ ያውም ከሞተች እህታቸው ጋር ያወራሉ። ቀኝ እጃቸው ማንኪያ አልይዝ ያለ ቀን ፈዬራ ታክሲ ጠራ።

ሐኪሙ የጭንቅላታቸውን ስካን አይቶ ሁለቱን አስቀመጣቸው። «በቅርቡ ወድቀው ነበር?»

ፈትለወርቅ አስታወሰች። «ከክረምቱ በፊት ደረጃው አዳልጧቸው ግንባራቸውን ተመትተዋል። ወዲያው ተነሥተው ሳቁ፤ እኛም ረሳነው።»

«ደም ቀስ በቀስ አንጎላቸውን ሲጫን ከርሟል። ቀደም ብለው ቢመጡ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ የመዳን ዕድላቸው ሰፊ ነበር። አሁንም እንሞክራለን፤ ግን ዘግይቷል።»

«ድስቱስ?» አለ ፈዬራ።

«የምን ድስት?» ሐኪሙ ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ። «አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ያ ጥቁር ውሃ ሲፈላ የሚይዘው ስስ ልባስ ነው፤ አይመርዝም። ሎሚና ቲማቲም ሲቆይበት ይበላዋል፤ ያም ቢሆን ሰውን በጥቂት ወር እንዲህ አያደርግም።»

ወይዘሮ ዳርቱ ከቀዶ ሕክምናው አልነቁም።

ለቅሶው ላይ አሳየች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለሴቶቹ ስለ ድስቱ ታወራ ነበር። ሴቶቹ ፈትለወርቅን ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ፈዬራ አጠገባቸው ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ፈትለወርቅ ቀና ብላ አየችው፤ ድስቱ አይደለም እንዲል ብቻ ነበር የፈለገችው። እሱ ፊቱን ወደ ድንኳኑ በር አዞረ።

ለቀስተኛው ሲበተን ልብሷን ይዛ ሲግናል ሰፈር እህቷ ዘንድ ሄደች። ፈዬራ ተከትሏት መጣ፤ ደጃፉን አልፎ መግባት አልቻለም።

«አፌ እምቢ አለኝ» አላት። «ድስቱ ካልሆነ፣ ያዘገየኋት እኔ ነኛ።»

አዘነችለት። አብራው ግን አልተመለሰችም።