ድንኩን ለመግደል የተጠራ ስብሰባ

ቁመቴን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ከቀበሌው ሱቅ ባንኮኒ በላይ የሚታየው አንገቴና ጭንቅላቴ ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስኳርና ሳሙና ከእጄ ያልወሰደ ሰው የለም፤ ፊት ለፊቴ ፋናዬ ይሉኛል፣ ዞር ስል ድንኳ። የማልሰማ ይመስላቸዋል። አጭር መሆን ጆሮ አይደፍንም።

ጨዋታውን ያመጣው ሽፈራው ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ የደብረ ሲና ልጅ ስለሆነ የቆላውን ሙቀት ሲራገም አምስት ዓመት ኖሯል። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የወጣት ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ያለው የጠረጴዛ ቴኒስ መረብ ተበጫጭቆ ሲጣል፣ ሽፈራው ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ካርታ ሣለ። ከላይ ጣርማ በርን ከነዋሻው፣ ከታች ጀውሃን፣ ከዚያ ወዲያ ማናችንም ያላየነውን በረሃ። እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እንጓዛለን። የሚገጥመንን እሱ ይነግረናል፣ የምናደርገውን እኛ እንናገራለን፣ መሳካት አለመሳካቱን ከሉዶ ላይ የወሰድነው ዳይ ይወስናል።

የምንሆናቸውን ሰዎች በወረቀት አዘጋጅቷል። ጦረኛ አለ፣ አዳኝ አለ፣ መድኃኒት አዋቂ አለ። አራተኛው ድንክ ነው። እኔ ስገባ ያንን ወረቀት ከሌሎቹ ሥር ሲሸሽገው አየሁት። አዝኖልኝ ነው። ከስድብ ይልቅ ይሄ አበገነኝ። ስቤ አወጣሁትና አነበብኩ፤ ጉልበት አንድ፣ ብልሃት ሁለት፣ ቀልድ ስድስት።

«ድንኩን እኔ እወስዳለሁ» አልኩ።

«ተይ ፋናዬ፣ ይስቁብሻል» አለ ሽፈራው።

«ለምን ይስቃሉ?»

«ድንክ ነዋ። እሱን ያስገባሁት ጨዋታው እንዳይከብድ ብዬ ነው።»

እስክሪብቶውን ከእጁ ወስጄ ቀልድ የሚለውን ሠረዝኩ፣ ስድስቱንም ለብልሃት ሰጠሁት። ከላይ ስም ጻፍኩበት፤ ገብረሚካኤል።

ገብረሚካኤል አያቴ ናቸው። እንደ እኔ አጭር ነበሩ። በንጉሡ ዘመን በአንድ ባላባት ቤት ድንክ ሆነው አሥራ ስምንት ዓመት ኖረዋል። ሥራቸው ግብር ሲበላ እንግዳ ማሳቅ ነበር፤ ሞቅ ያለው ሰው ብድግ ያደርጋቸውና ለጎረቤቱ ይወረውራቸዋል፣ ጎረቤቱ ቢቀልባቸው ይሳቃል፣ ባይቀልባቸው የበለጠ ይሳቃል። እኒህ ሰው የተቆለፈ ሣጥን ያለ ቁልፍ የሚከፍቱ፣ የተሰበረ የጠመንጃ ምላጭ የሚያበጁ ባለ እጅ ነበሩ። በዚያ ቤት ግን እጃቸውን ያየ ሰው አልነበረም። እቤታቸው ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

በጨዋታው ላይ ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላሳቅኩባቸውም። አዳኝ የሚሆነው ሷሊሕ፣ ጀውሃ ላይ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ መጀመሪያ ሰሞን አልዋጥልህ ብሎት ነበር።

«ወላሂ ፋናዬ፣ ድንክ ካላሳቀ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«በር ይከፍታል» አልኩት።

ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሽፈራው የብረት መዝጊያ አቆመብን። ጦረኛው ተጋጨው፣ አዳኙ ተኮሰበት፣ ንቅንቅ አላለም። የእኔው ሰው ቁጭ ብለው ቁልፉን እያዳመጡ አራት ቅዳሜ ፈጁ፤ በአራተኛው ተከፈተላቸው። ከዚያ ወዲህ ሷሊሕ ራሱ «ገብረሚካኤል ይቅደም፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እጠብቀዋለሁ» ማለት ጀመረ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም።

ወሬው ተፈራ ጆሮ ገባ። ተፈራ የቀበሌያችን ካድሬ ነው፤ ቁመቱ በር ሲያልፍ ያጎነብሰዋል። አንድ ከሰዓት አዳራሹ መጥቶ ካርታውን ዞሮ ዞሮ አየና ጣቱን የእኔ ወረቀት ላይ አሳረፈ።

«ድንክ የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት ነው» አለ። «ጭቁኑን መሳቂያ ያደርጉበት ነበር። አብዮቱ ነፃ አውጥቶታል። ስለዚህ ከጨዋታው ይውጣ።»

«ነፃ ከወጣ ለምን አይጫወትም?» አልኩት።

«በምትኩ ወዛደር ይግባ። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጉልበቱ ስድስት።»

«አጭር ወዛደር የለም?»

ሽፈራው እግሬን በጫማው ነካ አደረገኝ። ተፈራ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ለቅዳሜ ስብሰባ ጠራ። እዚያ ቆሜ ግለሂስ እንዳደርግና ድንኩ ሞቷል ብዬ በአንደበቴ እንድናገር ታዘዝኩ። እምቢ ካልኩ ከማኅበሩ እወጣለሁ፤ ሱቁ ላይ መቆሜም ይታሰብበታል።

ሰባት ሌሊት አሰብኩ ብዬ አልዋሽም። በልቼ ተኛሁ። የፈራሁት ሱቁን አልነበረም። አያቴን አንድ ጊዜ በሳቅ ገድለዋቸዋል፤ ሁለተኛውን በእኔ አፍ ሊያደርጉት መሆኑ ነበር ያቃጠለኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስሜ ተጠርቶ ስነሣ ከኋላ ያሉት «ቁሚ እንጂ» አሉ። ቆሜ ነበር። ሳቁ ከዳር እዳር ሄደ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ።

«ግለሂስ አድርጊ ተብያለሁ፤ አደርጋለሁ» አልኩ። «ጥፋት አለብኝ። ሰው በቁመቴ ሲስቅ አብሬ እየሳቅኩ ሃያ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። አሁንም ስትስቁ ትንሽ ፈገግ ብያለሁ። ይሄ ከባድ ስህተት ነው፤ ሁለተኛ አይለመደኝም። ሌላ ጥፋት የለብኝም።»

«ድንኩስ?» አለ ተፈራ።

«ስም አላቸው። ገብረሚካኤል ይባላሉ። አልሞቱም።»

«ይሙት የምትሉ እጅ አውጡ» አለ። እጅ ወጣ። የሽፈራውም ወጣ፣ ግን እስከ ጆሮው ብቻ ነበር። አልፈረድኩበትም ብል ውሸት ነው፤ ፈረድኩበት። ሷሊሕ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ከትቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። ከማኅበሩ ተባረርኩ። ካርታውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን የስኳር ተራ ነበር። ሰልፉ ከሱቁ በር ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ሷሊሕ የራሽን ካርዱን ዘርግቶልኝ ዝቅ አለና «አዳኙ በረሃው አፋፍ ላይ ቆሟል፤ ገብረሚካኤል የት ደረሱ?» አለኝ። አንቱ ማለቱን ልብ አልኩ። «ውኃ አግኝተዋል፤ ና ይሉሃል» አልኩና ስኳሩን ሰፈርኩለት።

ከእሱ ኋላ ተራቸውን የያዙት እትዬ አልማዝ ነበሩ። ካርዳቸውን ሳይሰጡኝ ተፈራ ሰልፉን ጥሶ ገባና ወረቀት ባንኮኒው ላይ አኖረ። ድንኩ መሞቱን አረጋግጣለሁ ይላል፤ ማኅተሙ ተመቷል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

«ካልፈረምሽ ነገ ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ» አለ።

ወረቀቱን አንሥቼ እስከ አስፋልቱ እንዲሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ማን ነው የሞተው ልጄ?» አሉ እትዬ አልማዝ።

«አያቴ ናቸው።»

«ውይ፣ መቼ?»

«አልሞቱም እትዬ። ይሙቱ ተብሎ ተወስኖባቸው ነው።»

እትዬ አልማዝ ዞር ብለው ተፈራን ከእግሩ ጀምረው እስከ ላይ አዩት፤ ጊዜ ወሰደባቸው። ሰልፉም አየው። ተፈራ ጫማው ላይ አፈጠጠ። ወረቀቱን ሳልፈርም አጥፌ መለስኩለት።

«ቁልፉን ነገ ይውሰዱ» አልኩት። «ዛሬ ስኳር ከፈለጉ ግን ተራዎን ይያዙ።»

ካርዱን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ሄዶ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ተሰለፈ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ከቆምኩበት አልታየኝም።