በፈረቃ የተሠራ የዘር መጋዘን

ከድርቁ በኋላ በመጣው ግንቦት ለገበሬ ማኅበራችን የዘር መጋዘን ሥሩ ተባለ። ቦታው ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወረድ ብሎ፣ የጭነት መኪና የሚደርስበት ሜዳ ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ያለቀ ቤት ካለ ዘሩ ይራገፋል፤ ከሌለ ለሌላ ማኅበር ይሄዳል። መሬታችን ታርሶ ይጠብቃል። የሚዘራ ግን በየቤታችን አንድ እፍኝ አልነበረም፤ በልተነዋል።

የግንባታው ኃላፊ ማን ይሁን ሲባል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ብዙም አልናገርም። ዝም የሚል ሰው ያውቃል ተብሎ ይጠረጠራል። እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።

ግንበኞቹ ሁለት ወገን ነበሩ፤ ከደጋው በታፈረ የሚመሩት ክርስቲያኖች፣ ከመንገዱ ዳር በሀሰን የሚመሩት ሙስሊሞች። እነ ታፈረ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም ሲሉ ወሩ ያልቃል። እነ ሀሰን ዓርብ አይገኙም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይጨነቅ ነበር። እኔ ዘዴ አመጣሁ፤ እነዚያ ሲያርፉ እነዚህ ይሥሩ፣ በቀረውም ቀን ተራ ይግቡ። እንዲህ ከሆነ ሥራው አይቆምም። ይህን በከተማው ስብሰባ ላይ ስናገር ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ ከስብሰባ ቀርቼ አላውቅም።

ከአውራጃ የመጣው ባለሙያ በመጀመሪያ በሩ ወደ ምሥራቅ ይሁን አለ። ለእነ ታፈረ ነገርኳቸው። ኋላ ሐሳቡን ለወጠ፤ መኪናው የሚቆመው በምዕራብ ነውና በሩ ወደዚያ ይዙር አለ። ያን ቀን ተረኞቹ እነ ሀሰን ነበሩ፤ ለእነሱ ነገርኩ። ለእነ ታፈረ ነገ እነግራለሁ ብዬ ወደ ከተማ ወጣሁ። እዚያም ተጨበጨበልኝ።

ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ አደገ። ከስብሰባ ስመለስ ዙሪያውን እዞራለሁ። ከዓይኔ የሚያመልጥ የለም ይባላል፤ አንድ የተጣመመ ድንጋይ አይቼ አስነቅያለሁ። በምሥራቅ ስቆም በሩ በምዕራብ ነው እላለሁ። በምዕራብ ስቆም ደግሞ፣ እኔ ከተማ ሳለሁ ባለሙያው ሐሳቡን መልሶ ለውጦ ይሆናል እላለሁ። ብጠይቅ አለማወቄ ይታወቃል። ውስጡን ለማየት በመሰላል ወጥቼ በላይ እገባለሁ። የላስታ ቤት ፎቅ አለው፤ ሰው በውጭ ደረጃ ወጥቶ በላይ መግባት ልማዱ ነው። ስለዚህ ማንንም አልገረመውም።

ቆርቆሮው ሲመታ ወደ ከተማ ሄጄ «ተጠናቋል» አልኩ። መኪናው በእኔ ቃል መጣ።

ያን ቀን ሁሉም ዘሩን ሊያወርድ ወጥቷል። ሁለቱ ወገኖች በዚያ ግቢ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። ሾፌሩ ምስጋኑ ወርዶ ቤቱን አየ።

«በሩ የታለ?»

«በዚያ በኩል» አልኩ።

ዞሮ ተመለሰ። «በዚያም የለም። አባቴ፣ ይህ መጋዘን ነው ወይስ መቃብር?»

ደብሪቱ ባሏን ድርቁ የወሰደባት ሴት ናት። ለዚህ ቤት ጭቃ ስታቦካ ከርማለች። መሬቷንም ከሁላችን ቀድማ አሳርሳለች። ቀረብ ብላ አየችኝ።

«አያ የሻው፣ ገብሴን በቆርቆሮው ቀዳዳ ሊያንጠባጥቡልኝ ነው?»

ታፈረን ጠየቅሁት።

«እኛ በምሥራቅ ትተን ነበር» አለ። «በሌላ ቀን ብንመጣ በምዕራብ ክፍት አገኘን። እነ ሀሰን ተሳስተዋል፣ ሰው ማሳፈር ነውር ነው ብለን ዝም ብለን ደፈንላቸው።»

ሀሰን ራሱን ያዘ። «ወላሂ እኛም! የምሥራቁን ክፍተት ድንጋይ ቢያጥራችሁ ነው ብለን ደፈንላችሁ። ስማችሁ እንዳይነሳ ለማንም አልተነፈስንም።»

«እግዜር ይስጥህ።»

«ኧረ ምን አደረግን።»

«የየራሳችሁ በር ተደፍኖ ስታዩትስ?» አልኩ።

«አያ የሻው አዘው ይሆናል አልን» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። «ብንጠይቅ ይቆጣሉ።»

ምስጋኑ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ሲበቃው ተነሣ። «በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ሰማዩን እዩት። ወንዙ ሳይሞላ መመለስ አለብኝ። በር ካላየሁ ይዤው እሄዳለሁ።»

ደብሪቱ የመኪናውን ጎን ያዘች፤ እሷን ሳይጎትት የሚሄድ አይመስልም።

«አፍርሱ!» አልኩ።

«የቱን?»

«የእነ ሀሰንን ይክፈቱ» አለ ታፈረ፤ «የእኛ ይቅር።»

«የለም፣ እናንተ ታላቅ ናችሁ፤ በእናንተ በኩል ይሁን።»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም!»

«ወላሂ አይሆንም!»

ሁለት ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ «ይግቡ፣ ኧረ እርስዎ ይግቡ» እንደሚባባሉት ሆኑ። ደጃፉ ግን ገና አልተገኘም።

ነፋስ ተነሣ። ባለሙያው ያለውን ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ መሆኔ ያን ጊዜ ገባኝ። እንደ ሀብት ይዤው ነበር።

«መጀመሪያ ምሥራቅ ተባለ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ኋላ ምዕራብ ተባለ። ለእነ ሀሰን ነገርኩ፣ ለእነ ታፈረ ሳልነግር ስብሰባ ሄድኩ። ምዕራቡን ክፈቱ።»

«ይህችን ቃል ለማውጣት ይህን ሁሉ ድንጋይ አሸከሙን?» አለች ደብሪቱ።

ሁለቱም ወገኖች ዲጅኖ አነሡ። የተደፈነው ጭቃ ገና በቅጡ አልደረቀምና ቶሎ ተናደ። ከላይ ያለው ግንብ እንዳይወርድ የመኪናውን ሳንቃ ከሥሩ ደገፍንበት። ምስጋኑ ሳንቃዬን አለ፤ የሚሰማው አላገኘም። ጆንያው ከታፈረ ትከሻ ወደ ሀሰን ትከሻ እየተሻገረ ገባ። የመጨረሻው ሲገባ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር።

በማግሥቱ ዘሩ ታደለ። ደብሪቱ ድርሻዋን ተሸክማ ውስጥ ቆመችና፣ «አያ የሻው፣ መውጫው በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

«ታፈረን ጠይቂው» አልኩ።

ታፈረ ወደ ሀሰን አመለከተ። ሀሰን መልሶ ወደ እኔ ሊያመለክት ሲዞር፣ እሷ ገብሷን ይዛ ወጥታ ቁልቁል ወደ እርሻዋ ወርዳለች።