የግራ ክንፉ መስመር

በልብስ ስፌት ቤቱ አገሮች የሚጠሩት በማሊያቸው ቀለም ነበር። የዓለም ዋንጫው ከተጀመረ በሦስተኛው ቀን ማን ከማን እንደሚጫወት የሚጠይቅ አልነበረም፤ «ዛሬ ቀዩ ከነጩ ነው» ከተባለ ይበቃል። በስፌቱም ላይ ፍርድ ይሰጣል። ካውያ ተኳሹ የአረንጓዴዎቹ ማሊያ ትከሻው ላይ ስለሚሸበሸብ ከምድባቸው አያልፉም ብሎ ነበር። አላለፉም።

የሥራ ክፍሉ ጠባብ ነው። መሃሉን የመቁረጫው ጠረጴዛ ይዞታል። በአንድ በኩል ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ በሌላው የካውያው ጠረጴዛ፣ ከበሩ በላይ ደግሞ ትንሽ ቴሌቪዥን አለ። ደንበኛ የሚስተናገደው ከመጋረጃው ወዲያ ባለው ክፍል ነው። ጨዋታዎቹ ከሰዓት በኋላ ስለሆኑ ሁሉም እትዬ የሚሏት ባለቤቲቱ «እጅ እስከሠራ ድረስ ዓይን የፈለገውን ይይ» ብላ ፈቅዳለች።

ፈቃዱ ቆራጩን አይጨምርም። የቆራጭ ዓይን ከእጁ ተለይቶ አይሄድም። ስለዚህ ጨዋታ ሲጀመር መቀሱን ያስቀምጣል፤ ሲያልቅ ወጥቶ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብና ተመልሶ ይቆርጣል።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆርጧል። አሰልጣኝ ይሉታል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ካኪ ወረቀት ይዘረጋል፣ በጠመኔ ሜዳ ይሠራል፣ አሥራ አንድ ጥቁር የኮት ቁልፍና አሥራ አንድ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ይደረድራል። ክርክሩ የሚካሄደው በእነዚህ ቁልፎች ላይ ነው። የሙግቱ ዋና ጉዳይ ደግሞ የቀዮቹ ካፒቴን ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

«ስልሳኛው ደቂቃ ላይ ይውጣ» ይላል ተኳሹ። «ሰውዬው እኮ ኳሷን አይከተላትም፤ መንገድ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቃት፣ እንደ አውቶቡስ።»

«አውቶቡሱ ይመጣ የለ?» ይላል ቆራጩ።

«ይመጣል፣ ግን ሞልቶ!»

«ካፒቴን አይወጣም» ይላል ቆራጩ።

ከመኪናዎቹ አንዱ ላይ የምትሠራው የእህቱ ልጅ ናት። በዚህ ሙግት አትገባም። እሷ ስለ አጎቷ አንድ ነገር ያወቀችው በመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ነው። ቆራጩ ያን ቀን የቀዮቹን ስምንት ቁጥር አፉን ሞልቶ አመሰገነ፤ የግራውን ተከላካይ ክፍተት እንዴት እንደሚሸፍን፣ መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚቆይ፣ በጥቁር ቁልፍ እያሳየ።

«የቱ ስምንት?» አለ ተኳሹ። «ስምንት ቁጥር ተጠባባቂ ወንበር ላይ ውሃ እየጠጣ ነው! ያ ሦስት ቁጥር ነው፣ ራሱ የግራ ተከላካዩ! ሰውዬውን በራሱ ቦታ ሸፈነ እያልከን እኮ ነው!»

ተሳቀ። ቆራጩም ሳቀ። «እኔ የማየው ቦታውን ነው፤ ቁጥሩን ለዳኛው ትቼለታለሁ» አለ። መልሱን ሁሉም ወደዱለት። እሷ ግን አልሳቀችም። በእጇ ላይ የነበረው ሱሪ ከመስመሩ አንድ ጣት ወጥቶ የተቆረጠ ነበር። ጠዋት አይታው፣ ጨርቁ ተንሸራቶ ይሆናል ብላ አልፋው ነበር።

እትዬ ቀድሞ በሌላ ስፌት ቤቷ የምታሠራው አንድ ቆራጭ ነበር። ዓይኑ መድከሙን የሰማች ዕለት መቀሱን ተቀበለችው፣ ኮት አሰፍታ ሸኘችው። «ጨርቁ የሰው ነው» ነበር ያለችው፤ በክፋትም አልነበረም። ይህን የእህቱ ልጅ ታውቃለች። አጎቷ በመኪና ሰፍቶ አያውቅም። መቀሱ ከሄደ እሱም ይሄዳል። ቤቱ የሚጠብቀው አንድ አልጋና አንድ ሬዲዮ ነው።

ቆራጩ የሚያሰምረው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ነው። «ወፍራም መስመር ሁለት ጠርዝ አለው፤ መቀስ በየቱ ይሂድ?» ይል ነበር ሲያስተምራት። ከመጀመሪያው ጨዋታ በማግስቱ፣ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ፣ ተነስታ የጨረሰውን መስመር ሁሉ በጠመኔ ደገመችበት፣ አወፈረችው። ተመልሶ አየ፣ ቆረጠ፣ አልሳተም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ አደረገች። ሦስት ደቂቃ ይበቃታል። በሁለተኛው ሳምንት አጎቷ ተኳሹን ሲያጫውተው ሰማችው፦ «ዓይኔ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፤ ማታ ማታ ካሮት ጀመርኩና ይኸው ተመለሰ። አንተም ብላ፣ ጨዋታው ይገባህ ይሆናል።»

የሩብ ፍጻሜው ዕለት ቀዩ ከነጩ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ለኮት ተሰምሮ የተዘረጋው ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ የአንድ መምህር ነው። መምህሩ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ጨርቁን ለዚያ ቀን ብሎ አሥራ አንድ ዓመት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦታል። ሌላ እንዲህ ያለ የለም። መምህሩ አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ቆራጩ ለእሱ ሲያሰምር ግራና ቀኙ አይመሳሰልም። ከጨዋታው በፊት ሊቆርጠው አስቦ ነበር፤ ግን ልብስ ሊለኩ የመጡ ሰዎች አዘገዩት። ጨርቁን ማንሳት መስመሩን ማበላሸት ነው። ስለዚህ ቁልፎቹ እዚያው ሱፉ ላይ ተደረደሩ።

«ዛሬ ወረቀት የለም» አለ ቆራጩ። «በጣት ብቻ። ጠመኔ የሚነካ ሰው እጁን እቆርጠዋለሁ።»

«ካየኸው» አለ ተኳሹ፣ ለቀልድ ያህል።

ለዕረፍት ሲወጡ ነጮቹ አንድ ለባዶ ይመሩ ነበር። የእህቱ ልጅ ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ ልታስተናግድ ከመጋረጃው ወዲያ ሄደች። ተኳሹ ካውያውን አቁሞ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

«አሰልጣኝ፣ እስቲ ፍረድ። ይሄ የግራ ክንፍ ሜዳው ዳር ተለጥፎ ምን ይሠራል? ግድግዳ ነው?» ጥቁሩን ቁልፍ አነሳው። ከእጅጌው ቀዳዳ ጥግ ተነስቶ ወደ ደረቱ መሃል እያጠማዘዘ ወሰደው። «ከዚህ ተነስቶ እንዲህ ወደ ውስጥ ቢቆርጥ፣ አጥቂው ይለቀቃል፣ ተከላካዮቹ ይበታተናሉ። አለቀ።»

«መሃሉን ለማን ትተህ? ካፒቴኑ የሚቆመው እዚያ ነው።»

«እሱን ነው እኮ የምልህ! ይውጣ!»

ተኳሹ በግራ እጁ ቁልፉን ሲገፋ በቀኙ የጠመኔውን ቁራጭ ይዞ መንገዱን ተከትሎ አሰምሯል። ጠመኔው መቼ እጁ እንደገባ አላወቀም፤ ልቡ ሜዳው ላይ ነበር። ቆራጩ የእጁን እንቅስቃሴ አይቷል፣ የሚባለውንም ሰምቷል። መስመሩን ግን አላየውም።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። በስልሳ አንደኛው ደቂቃ ካፒቴኑ ተቀየረ። ተኳሹ ዘሎ ተነሳ። ካፒቴኑ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ተጠባባቂው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ካሜራው ለጥቂት አሳየውና ተወው። በሰባኛው ደቂቃ የግራ ክንፉ ተኳሹ እንዳለው ወደ ውስጥ ቆርጦ መታ፤ አንድ ለአንድ ሆነ። በሰማንያ አራተኛው በካፒቴኑ ምትክ የገባው አገባ።

«አላልኩም? ኧረ አላልኩም ወይ?» ተኳሹ ለመኪናዎቹም ለግድግዳውም ተናገረ። «አሰልጣኝ፣ በል እንጂ!»

«አሸነፉ» አለ ቆራጩ። «ልክ ሠሩ ማለት ግን አይደለም።» ቁልፎቹን ሰብስቦ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረና ፊቱን ሊታጠብ ወጣ።

የእህቱ ልጅ ጠመኔውን አንስታ ጀመረች። ጀርባውን፣ እጅጌውን፣ ቀኝ ፊቱን ደገመችበት። ግራው ፊት ላይ ከእጅጌው ቀዳዳ ወደ ውስጥ የምትጠማዘዝ መስመር አገኘችና ጥቂት ቆመች። ለዝቅ ያለው ትከሻ ያሰበው ነገር ይሆናል አለች። መስመሯ ደግሞ ጥሩ መስመር ነበረች፤ ተኳሹ ከካውያ ሌላ ነገር ይዞ አያውቅም እንጂ እጁ ደህና ነው። እሷ አጎቷ ያሰመረውን ጠይቃ አታውቅም። አወፈረችው።

ቆራጩ ተመለሰ፣ እጁን አደረቀ፣ መቀሱን አነሳ። ጀርባው ተቆረጠ። እጅጌዎቹ ተቆረጡ። ግራው ፊት ላይ መቀሱ አንድ ስንዝር ያህል ከገባ በኋላ እጁ በራሱ ቆመ። በዚህ ቦታ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ተጠማዝዞ አያውቅም።

ተኳሹ ቀና ብሎ አየ። «እንዴ» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «ይሄ እኮ የኔ የግራ ክ...» ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ።

ቆራጩ አውራ ጣቱን በተቆረጠው ጠርዝ ላይ አስኬደው። ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አየው። ነጭ ሆኗል። የእሱ ቀጭን የጠመኔ መስመር ጣት ላይ አይቀርም።

«ይሄን ማን አወፈረው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች የእህቱ ልጅ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስት ቁጥሩ ጀምሮ።»

የትኛው ሦስት ቁጥር እንደሆነ አልጠየቃትም። ጣቱን በሱሪው ጠረገ። «ካሮቱን በከንቱ በላሁት በለኛ» አለ ለተኳሹ።

ጨዋታው አልቆ ጫጫታ መጥፋቱ ያሳሰባት እትዬ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ጠረጴዛውን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አለ ተኳሹ። «ኳስ ሳስረዳ መስመር...»

«ያወፈርኩት እኔ ነኝ» አለች የእህቱ ልጅ።

«መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ቆራጩ። «እትዬ፣ ዓይኔ ሄዷል። ከዋንጫው በፊት ጀምሮ ነው። እሷ ነበረች የምትደግፈኝ፤ እኔ ደግሞ አላወቅሁም።»

እትዬ እሱን ከማየቷ በፊት ጨርቁን አየች። «ይድናል?»

ዓይኑን ጨፍኖ የተቆረጠውን በጣቱ እየዳሰሰ ሄደ፣ ወደ ጎኑም ተሻገረ። «ይድናል። የተቆረጠውን ስፌት አድርገን እስከ ታች እናወርደዋለን፣ በቀኙም እንዲሁ። ከጎኑ ሁለት ጣት ትርፍ ትቻለሁ፤ ስፌቱ የሚበላው ከእሱ ነው። እንዲያውም ትከሻው ይደበቃል።»

«ማን ይቆርጠዋል?»

መቀሱ አሁንም በእጁ ነበር። የመቀሱ የአውራ ጣት ማስገቢያ ቀለበት ለእሱ ጣት በተጠመጠመ ጨርቅ የተለበጠ ነው፤ ጨርቁ ከመክረሙ የተነሳ ብረት መስሏል። መቀሱን አዙሮ እጀታውን ወደ እህቱ ልጅ አደረገ።

«ይሰፋሻል» አላት። «ሌላ ጨርቅ ጠምጥሚበት።»

«ጋሼ...»

«ጠምጥሚ።»

እትዬ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። «ይህን መቀስ ከእርስዎ መቀበል የእኔ ሥራ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። ቀድሜሽ ነው።»

«ሁለት ቆራጭ አልቀጥርም።»

«አንድ ነው ያለሽ፤ እሷ። እኔ አጠገቧ ቆሜ እነግራታለሁ።»

«እስከ መቼ?»

የእህቱ ልጅ ጨርቅ መጠምጠሟን አቆመች። እትዬ ቀና ብላ ቴሌቪዥኑን አየች፤ የቀጣዮቹን ጨዋታዎች ሰንጠረዥ እያሳየ ነበር።

«እስከ ፍጻሜው» አለች። «ከዚያ በኋላ ብቻዋን ካልቻለች ሁለታችሁንም አላቆይም፤ ከቻለችም እርስዎ ያርፋሉ። የመምህሩን ኮት ግን አሁን፣ እኔ እያየሁ።»

ፍጻሜው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ቆራጩ የጠረጴዛውን ቦታ ለቆ ወደ ዳር ሄደ። እጁን የት እንደሚያደርገው ስላላወቀ ወደ ኋላ አጣመረው። ተኳሹ ካውያውን ሳያነሳ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ስልሳኛው ደቂቃ ላይ ወጥተህ ቢሆን ኖሮ» አለ በቀስታ፣ ሊያስቀው ፈልጎ።

«ዝም በል፣ ሱሪ ታቃጥላለህ።»

የእህቱ ልጅ ጎንበስ አለች። መስመሩን በቀጭኑ አስምራ ነበር። መቀሱ ሱፉ ውስጥ ገባ። ቆራጩ ጠረጴዛውን አላየም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ፣ በሬዲዮ የጨዋታ ዘጋቢን እንደሚያዳምጥ ሰው የመቀሱን ድምፅ ያዳምጥ ነበር።

«ፈጠንሽ» አላት።

ቀስ አለች።