ተሰርዞ ያልሄደ ፋይል

ሐሙስ ነው፣ በፊንላንድ የአተር ሾርባ ቀን። አንጋፋው ፕሮግራመር ቬይኮ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ሪካ በታምፔሬ ከተማ ከሚገኘው ከዚህ መሥሪያ ቤት ከገባች ጀምሮ የሐሙስ ሾርባ ሲያመልጠው አይታ አታውቅም።

ያውም ዛሬ። የሆስፒታል ቀጠሮ የሚይዘው ፕሮግራማቸው የሕመምተኞችን ስም ወደ ውጭ ሲያሾልክ ተደርሶበታል። አለቃቸው ጣቱን የቀሰረው በአዲሷ ሠራተኛ በሳይላ ላይ ነው፤ የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም፣ ተከራካሪም የላት። ከምሳ በኋላ ጠርቶ ያሰናብታታል። ሪካን ነገሩ አልዋጥ አላት።

ስለዚህ ከርነሉን ጠየቀች። ከርነል ከኮምፒውተሩ ሆድ ተቀምጦ ለየፕሮግራሙ የሜሞሪ ቦታ የሚያድል ነው። አብዛኛውን የሚሰጠው በስም ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ሄዶ እስኪነካው ድረስ እውነተኛ ሜሞሪ አያባክንም። ሲጠየቅ ግን ከየት እስከ የት ለማን እንደሰጠ፣ ውስጡ ያለው ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ሳይደብቅ ይዘረግፋል። ይህን ሁሉ ያስተማራት ቬይኮ ነው።

መስመሮቹን እያየች ስትወርድ አንዱ ላይ ቆመች። የማታውቀው ፋይል፤ ከጎኑ «ተሰርዟል» ይላል። ዲስኩ ላይ ፈለገችው፣ የለም። ፕሮግራም ሲታደስም የድሮው ፋይል እንዲህ ተብሎ ይቀራል፤ የዚህኛው ስም ግን ከእነሱ ሥራ ውስጥ የትም አይገኝም። አንዱ አስገብቶት፣ ፕሮግራሙ ከያዘው በኋላ ዱካውን አጥፍቷል። ፕሮግራሙ እስካልቆመ ድረስ ግን ከርነሉ አይለቀውም፤ ከቆመ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

«ምን እያየሽ ነው?» አለ ቬይኮ ከኋላዋ።

ክው አለች። «ምንም። ሜሞሪው ትንሽ አብጧል።»

«አጥፍተሽ አስነሺው፣ ይተነፍሳል።»

«‹ሳታዩ አታጥፉ› የምትለን አንተ አልነበርክ?»

«ዛሬ ደግሞ አስተማሪ ሆንሽብኝ። አጥፊው በቃ።»

«ሾርባው አይቀርብህም?»

«አላሰኘኝም።»

አላሰኘኝም አለ። ቬይኮን መጠርጠሯ ራሷን አስጠላት፤ ጥርጣሬው ግን አንዴ ገብቷል፣ አልወጣ አለ። ወደ ቦታው ሲመለስ ጠብቃ ፋይሉን ከሜሞሪው ገልብጣ ፍላሽ ላይ አኖረች። ፕሮግራሙን አልነካችውም።

«አስነሥቼዋለሁ» አለችው በጠረጴዛው በኩል ስታልፍ።

«ጎበዝ።» ትከሻው ዘና አለ። «እስቲ ሳያልቅ እንውረድ።»

ምድር ቤት ካለው ካፊቴሪያ ሰልፍ ላይ ከራሱ በፊት ለእሷ ቀዳላት፤ እንደ ሁልጊዜውም ሰናፍጩን ከሳህኗ ዳር አደረገላት። ሪካ ማንኪያውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ወዲያ ማዶ ሳይላ ብቻዋን ትበላለች፣ የተደገሰላትን አታውቅም።

«ቬይኮ» አለች ሪካ። «አላጠፋሁትም።»

ዳቦውን ቅቤ እየቀባ ነበር። ቢላው እጁ ላይ ቀረ።

«ፋይሉን ገለበጥሽው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እንባዋ መጣ። ስለ ፋይል አንድም ቃል አልነገረችውም ነበር።