ያልተፈታ የጫማ ክር

ዱርሲቱ አባቷን ይዛ ሰበታ ወዳለው የመንግሥት ሆስፒታል ስትመላለስ ሦስተኛ ሳምንቷን ያዘች። ኦቦ ጃራ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። የቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣት ቆስላ ቆይታ አሁን ጠቁራለች። ስኳር እግር ላይ ከወጣ እንደማይቀልድ ዱርሲቱ በዓይኗ አይታለች፤ ጎረቤታቸው ወርቁ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣው ከዚህች በማትበልጥ ቁስል ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ካርዱ ጠፋ ተባሉ። በሁለተኛው ካርዱ ተገኘና ኦቦ ጃራ ገብተው ያንኑ የድሮውን ኪኒን ይዘው ወጡ። ዱርሲቱ ተናዳ ቡራዩ ወዳለ የግል ሆስፒታል ወሰደቻቸው። እዚያ ወንበሩ ይመቻል፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ፈገግ ትላለች። ደም ቀዱና «ክትትልዎ ሰበታ ስለሆነ እዚያው ይቀጥሉ» ብለው በፈገግታ ሸኟቸው። የሚያበግነው እኮ ፈገግታው ነው።

ዛሬ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረው ተሰልፈው ተራቸው የደረሰው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ዱርሲቱ ተከትላ ልትገባ ስትል ጥበቃው እጁን ዘረጋ።

«ታካሚ ብቻ።»

«ሽማግሌ ናቸው፣ ልደግፋቸው።»

«ታካሚ ብቻ አልኩ» አላት፤ ሌላ ቃል የተማረ አይመስልም። ኦቦ ጃራ ብቻቸውን ገብተው ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ወጡ።

በሩ ላይ ቅጽ የያዘች ወጣት ጠበቀቻቸው። ሄመን ትባላለች፤ ሕመምተኞች በሕክምናው መርካት አለመርካታቸውን የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

«አባባ፣ ሐኪሟ በአክብሮት ነው ያስተናገደችዎት?»

«በጣም እንጂ።»

«ሕመምዎን አዳመጠችዎት?»

«በደንብ፣ ልጄ።»

«የታመመውን አካልዎን መረመረችዎት?»

«አዎ። ዋቃዮ ይባርካት።»

ሄመን ለእያንዳንዱ ከአምስት አምስት እየሰጠች ምልክት አደረገች። ዱርሲቱ ግን የአባቷን እግር እያየች ነበር። ጠዋት ራሷ ጎንበስ ብላ ያሰረችው የጫማ ክር ድርብ ቋጠሮው ሳይነካ እንደነበረ አለ።

«አባ፣ እግርዎን አሳይተዋታል?»

ኦቦ ጃራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ይሸታል» አሉ ቀስ ብለው። «የልጅ ልጄን የምታህል ሴት ፊት እንዴት አድርጌ አወልቀዋለሁ?»

«ታዲያ መረመረችኝ ያሉት ምኑን ነው?»

«በወረቀት የሚጻፍ ነገር ነው፣ ዱርሲ። ሐኪሟን ከእንጀራዋ ላፈናቅላት ነው?»

ዱርሲቱ መጀመሪያ በማን እንደምትናደድ ጠፋት። በአባቷ፣ በጥበቃው፣ ካርዱን በጣሉት፣ ፈገግ በሚሉት፤ በመጨረሻ በሁሉም ተናደደች። የአባቷን ክንድ ይዛ የጥበቃውን እጅ ገፍታ ገባች።

ሐኪሟ ዶክተር ማርያማዊት የሌላ ሰው ካርድ ላይ እየጻፈች ነበር። «ተራ አለ እኮ» አለች ቀና ሳትል። ዱርሲቱ አባቷን አስቀምጣ፣ ተንበርክካ፣ ክሩን ፈትታ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀች። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

ጓንት አድርጋ ጎንበስ ብላ ቁስሉን ደጋግማ አየች። «ዛሬውኑ አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው» አለች። «ጣታቸው አትተርፍም። አሁን የምንሮጠው እግራቸውን ለማትረፍ ነው።» ከዚያ ድምጿ ከፍ አለ፤ ቁጣዋ የደነገጠ ሰው ቁጣ ነበር። «አባባ፣ ባለፈው ሳምንትም እኮ እኔ ጋ ነበሩ። ለምን አልነገሩኝም?»

ኦቦ ጃራ ሊወቅሷት አላሰቡም፤ ስለተጠየቁ መለሱ እንጂ።

«ደህና ነዎት ወይ አልሽኝ፣ ልጄ። ሰው ደህና ነዎት ሲለኝ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ከዚያ ምን እንዳመመኝ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ቀጣዩን ሰው ጠራሽ።»